አናጢው «ሊዝ» የሚለውን ቃል እንዴት እንደ ታረቁት

የመምህርነት ማስረጃዬን ላስመዘግብ ሄጄ በውል መዝጋቢው ቢሮ ኮሪደር ወረፋ ስጠብቅ፣ አንድ አረጋዊ አናጢ አጠገቤ ተቀመጡ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለ ጀመረ መጋዝ መያዝ አቅቷቸዋል። በአንድ ጎናቸው ደላላ «ቤቱን ዛሬውኑ ሽጠው ይገላገሉ» እያለ ይወተውታቸዋል። በሌላው ጎን የወንድማቸው ልጅ፣ የሕግ ባለሙያዋ፣ የእንጨት ሥራ ቤታቸውን ለሁለት ልብስ ሰፊ እህትማማቾች በሊዝ እንዲሰጡ ትለምናቸዋለች።

«ልጄ፣ ይህን ቃል አትጥሪብኝ! ሊዝ የገባበት ቤት ለባለቤቱ አይመለስም።»

«አጎቴ፣ ቃሉ ከየት እንደ መጣ ልንገርዎት?»

«እባብ ከየት መጣህ ተብሎ ይጠየቃል?»

ደላላው ሳቀ። ልጅቱ ግን አልተቆጣችም።

«ከላቲን ተነስቶ፣ በፈረንሳይኛ አልፎ ነው እንግሊዝኛ የገባው። ሥሩ ማላላት ማለት ነው። እርስዎ እንጨት የሚያጠብቁበትን ሞርሳ ሲያላሉ እንጨቱን ለሰው ሰጡት ማለት ነው?»

«ምን በወጣኝ! ላዞረው ነው እንጂ፤ መልሼ አጠብቀዋለሁ።»

«ሊዝም ይኸው ነው። ለተወሰነ ዘመን እንዲገለገሉበት ያላሉላቸዋል፤ ባለቤቱ ግን እርስዎ ነዎት።»

አናጢው ወደ እሷ ዞር ብለው፣ «ዘመኑ ሲያልቅ አንወጣም ቢሉኝስ?» አሉ።

«የሚጻፈው ለዚሁ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።»

ብዙ ሰው ቤቱን የሚያጣው ያላወቀውን ቃል እየፈራ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። አረጋዊው ልጅቱ ያዘጋጀችውን የውል ረቂቅ ተቀብለው መስመር በመስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ከዚያ ቀና ብለው፣

«አንድ አንቀጽ ይጨመርልኝ። ዘመኑ ባለቀበት ቀን፣ ቁልፉ በእኔ እጅ ይግባ!» አሉ።

ደላላው ተነስቶ ወጣ። እሳቸው ፈረሙ።

ከሦስት ዓመት በኋላ በሥራ ቤታቸው በኩል ሳልፍ አናጢው ጠሩኝ። «መምህር፣ እህትማማቾቹ ቁልፉን በቀኑ አምጥተው ሲያስረክቡኝ እንደ ሕፃን ዘለልኩ! ወዲያው እኔው ራሴ ውሉን አሳደስኩላቸው።» ያፈስ የነበረው ጣሪያ ተጠግኗል፤ ስፌት መኪናዎቹ ይንጫጫሉ፤ ከእህትማማቾቹ ጋር ስድስት ሴቶች እንጀራ አግኝተዋል። አናጢውም በገዛ ቤታቸው ተከብረው፣ የማንንም እጅ ሳያዩ ይኖራሉ። በፍርሃት የሸጠ አንዴ ይበላል፤ አውቆ ያከራየ ግን ለራሱም ለጎረቤትም ይተርፋል።

ስንነጋገር አንዲት ጎረቤት የውል ወረቀት ይዛ፣ «አባባ፣ ልፈርም?» ብላ ገባች።

አናጢው መነጽራቸውን አጠለቁ።

«ፈርሚም አልልሽ፣ አትፈርሚም አልልሽ። ነይ፣ ተቀመጪ፤ መጀመሪያ እናንብበው።»