የአንሶላው ወዲያኛው ጫፍ

እስቲ ያንን ጫፍ ያዥልኝ፣ እታለም። ጎሽ። ዛሬ ደግሞ ፀሐይዋ ምን ነካት? በዚያች ጠባብ መስኮት ገብታ ካውያው ድረስ ደርሳለች። ማሽኖቹ ለምሳ ሲጠፉ እኮ ይሄ ማጠቢያ የሰው ቤት ይመስላል። ሦስት ቀን አጠገቤ ቆመሽ ድምፅሽን ገና ዛሬ ሰማሁት፤ ለካ እንዲህ ቀጭን ነው! እኔ ጮክ ብዬ ካወራሁ ግን አትቀየሚኝ። ሃያ ዓመት ከማሽን ጋር ስጯጯህ ኖሬ ጉሮሮዬ ዝግ ማለት ረስቷል... ምነው ወደዚያ ታያለሽ? የቢሮውን በር ነው? ኧረ ተይው፣ ሁሌም ገርበብ እንዳለ ነው። አየር እንዲገባ ነው።

ሳብ አድርጊው! እንዲያ። አሁን ወደ እኔ ነይ። ጫፍ ከጫፍ ስናገናኝ እጃችን መነካካቱ አይቀርም፤ አይዞሽ፣ አልነክስም። አንሶላ ማጠፍ እኮ ሰላምታ ነው። በቀን አራት መቶ አንሶላ ካጠፍን አራት መቶ ጊዜ ተጨባበጥን ማለት ነው። ከባለቤቴ ጋር እንኳን በዓመት ያን ያህል አልጨባበጥም።

ካንቺ በፊት ያንን ጫፍ የምትይዝ አንዲት ሰው ነበረች። ስም አልጠራም... ደግ ሰው በሥራው ነው የሚታወቀው። በምልክት ማውራቱን ለሁላችንም ያስተማረችን እሷ ናት። በዚህ ጩኸት ውስጥ ጆሮ ምን ይሠራል? ቅንድብ ከተነሳ አንሶላው እድፍ አለው። ጆሮ ከተሳበ ምሳ ደርሷል። አፍንጫ ከተነካ ግን አለቃ መጣ፤ ወሬሽን ዋጥ አድርጊ፣ ቀጥ ብለሽ ሥሪ። ይሄን ሁሉ ከራሷ አፍልቃ ነው፣ ከየትም አልቀዳችውም።

ምን ያስቅሻል? ኣ... ትናንት ጠዋት አለቃችን ብቅ ስትል ስድስታችንም አፍንጫችንን ስናክ አይተሽን ነው! ምን እንዳለችስ ሰምተሻል? «ጉንፋን ገባ እንዴ?» ስታስብልን! ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጭምብል አድርጉ የሚል ማስታወቂያ ለጠፈችልን። እንዲህ ለሠራተኛ ጤና የሚጨነቅ አለቃ የት ይገኛል? ግን እንዳታደባልቂብኝ፣ እኔ የማወራልሽ ስለዚያች ስለ ጓደኛዬ ነው። እሷ ብትሆንማ ምልክቱ ይጠፋታል? ሰው የገዛ ልጁ ስም ይጠፋዋል እንዴ?

እና ምን ልልሽ ነበር... አዎ፣ ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት ተሾመች። ይገባታል! እልል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ወንበሯን የወለወልኩት እኔ ነኝ። ሦስት ደረጃ ብቻ ወጣች፤ ግን ሦስት ደረጃ ሰውን እንዲህ ጨዋ ያደርገዋል ብዬ መች ጠረጠርኩ? ድሮ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ጉንጬ እስኪቀላ ትስመኝ ነበር። ያ ምን ጨዋነት ነው? አሁን በአገጯ ብቻ ነው። እንዲህ... ትንሽ ከፍ። አየሽልኝ ቁጠባ? ሌላው ሰው ሰላም ለማለት እጁን ይዘረጋል፣ ከመቀመጫው ይነሳል፣ ጥርሱን ያሳያል፤ ስንት ጉልበት ይባክናል! እሷ በአንድ አገጭ ስድስት ሰው ታዳርሳለች። አንገት የተሠራው አዙሮ ለማየት ነው የሚሉት ሰዎች የሷን አንገት ስላላዩ ነው።

ዓይን አፋርነቷስ? ያ ጋሪ የሚገፉት ሽማግሌ፣ አባቷ የሚሆኑት ሰውዬ፣ ወረቀት ሊያስፈርሟት ገብተው በሁለት እጃቸው ዘርግተው ሲቆሙ እሷ ቀና አትልም። ትልቅ ሰውን ዓይን ለዓይን ማየት ድፍረት ነው ብላ ነዋ! ዓይኗን ስልኳ ላይ ተክላ በሁለት ጣት ትቀበላቸዋለች። ሽማግሌውም ሲወጡ ለወንበሩ እጅ ነስተው ይወጣሉ... ወንበሩ እንኳ አንዳንዴ ሲጥ ይላል፣ ይመልስላቸዋል። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባል የለ? እኛ ፊቱን በቢሮዋ መስታወት በኩል እያየን ጠግበናል።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ። ሲሾም ሰላም ያላለውንስ ሲሻር ምን ያገኘዋል? እኔ እንጃ፣ ተረቱ እዚያ ላይ አለቀብኝ።

ይሄኛውን ገልብጭው፣ ስፌቱ ወደ ውስጥ ይሁን። ጎሽ፣ እጅሽ ቶሎ ይለምዳል።

ቅዳሜ የልጄ ሠርግ መሆኑን ነግሬሻለሁ አይደል? ትመጫለሽ፣ ልጆችሽንም ይዘሽ። ታዲያ ይቺ ልጄ ምን ላይ ነው ያደገችው ብትይኝ... እዚያ ጥግ ያለው የትራስ ጨርቅ ጋሪ አይታይሽም? እዚያ ውስጥ ነው። የሚጠብቅልኝ ሰው አጥቼ ይዣት ስመጣ ጓደኛዬ ጨርቁ መሀል አስተኝታ፣ በአንድ እግሯ ጋሪውን እየገፋች፣ በሁለት እጇ አንሶላ ታጥፍልኝ ነበር። ልጄ እስከ ዛሬ «ትንሿ እማዬ» ነው የምትላት። «የመጀመሪያውን ካርድ ለትንሿ እማዬ ስጭልኝ» አለችኝ። እኔም ንጹሕ ፎጣ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ይዤ ገባሁ።

ተቀበለችኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። በዚያችው በሁለት ጣቷ። አላነበበችውም፤ ጨዋ ሰው በእንግዳ ፊት ወረቀት ያነባል? ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና የሻይ ብርጭቆዋን ከላዩ አስቀመጠችበት... ነፋስ እንዳይወስደው ነው። ዛሬ ጠዋት ፎጣ ላስረክብ ስገባ አሁንም እዚያው ነው። የሙሽሪት ስም ላይ ክብ ያለ የሻይ ቀለበት ወጥቶበታል። ከሙሽራው ቀድማ ለልጄ ቀለበት ያደረገችላት እሷ ናት፣ ይሄ ውለታ በምን ይመለሳል?

«ትመጫለሽ ወይ?» አልኳት። አገጯን ከፍ አደረገች። እሺ ነው? እንጃ ነው? ውጪልኝ ነው? ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን ፊት ሳነብ ኖሬ፣ ቅንድቧ ሳይነሳ እድፉን የማውቅ ሴት፣ ያን ቀን ግን ማንበብ አቃተኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሆድ ባሰኝ። ማታ ልጄ «ምን አለችሽ?» ብላ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ደስ ብሏታል» አልኳት። ምን ልበላት ታዲያ? ከኔ ጎን ያለችውን ወንበር ለማንም አልሰጠሁም። እስከ ቅዳሜ ባዶዋን ትቆየኛለች።

ቆይ... ሰማሽ? ወንበር ነው ሲጥ ያለው። ተነሳች እንዴ? ወደ በሩ እየመጣች ነው... አንቺ፣ አፍንጫሽን አትንኪ! ተይ፣ ለዛሬ ተይ። ምናልባት እኮ...

ዘጋችው።

አየሽልኝ አዘጋግ? ቀስ ብላ፣ ኮሽ ሳታደርግ። ከዚህ በላይ ጨዋነት ከየት ይምጣ! ምንም አይደል፣ መስታወቱ ስስ ነው፤ እኔም ጉሮሮዬ አልደከመም።

በይ ያዥ፣ የመጨረሻዋ ናት። እኔ ሰው አልረግምም፣ እናቴም አላስተማረችኝ። ስመርቅ ግን አሜን እያልሽ ተከተይኝ። ዕድሜ ይስጣት። ወንበሯን ያጽናላት። ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላት፤ ካርዳቸውንም በሁለት እጅ የሚቀበል አያሳጣቸው። እርጅና መጥቶ ጉልበቷ ሲከዳት፣ አልጋ ላይ ስትውል፣ በሯን ከፍታ «እንዴት አደርሽ» የምትላት፣ ከራስጌዋ የምትቀመጥ፣ የአንሶላዋን ወዲያኛውን ጫፍ የምትይዝላት ሰው ይስጣት። ያውም ሌላ ሰው አይደለም... ልክ እንደ ራሷ ያለች።