ጥቁሩ ድንጋይ ጋ በግራ

ተነሣሽ የኔ ማር? ነይ፣ ቀና በይ... እዪ ውሃው እንዴት ጸጥ እንዳለ! ጀልባዋም ጸጥ ብላለች፣ ሞተሩም ጸጥ ብሏል። አይዞሽ፣ ምንም አልሆንንም፤ አሸዋ ላይ ትንሽ አረፍ ብለን ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስንጓዝ ውለን ማረፍ የለብንም እንዴ? ነጂው የሚጎትተን ጀልባ በስልክ ጠርቷል፤ ቢፈጅ አንድ ሰዓት ነው። እስከዚያ እኔና አንቺ እንጫወታለን። ቀኑን ሙሉ እንቅልፍሽን ስትለጥጪ ስንቱ ነገር አምልጦሻል መሰለሽ!

ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ረበሽንዎት እንዴ? ልጅቷ እንዳታለቅስ ብዬ ነው የማወራት። ለሌላ ለማንም አይደለም።

ከሁሉ በፊት አክስትሽን እናመስግን። የአባትሽ ታላቅ እህት ባትኖር ኖሮ እኛን ማን ጀልባ ላይ ያወጣን ነበር? አባትሽ “እህቴ፣ አንድ ቀን እንኳ ውሰጃቸው” እያለ ሦስት ወር ቢለምናት ነው እሺ ያለችው። ሥራ በዝቶባት እኮ ነው። ያውም እንዲህ ባለ ቀን! የጀልባው ባለቤት ራሳቸው ተሳፍረው፣ ለአዲሷ ጀልባ አስጎብኚ ሊመርጡ መጥተው... በዚህ ቀን መጋበዝ ትልቅ ልብ ይጠይቃል። አክስትሽ ልቧ ትልቅ ነው፤ ብዙ ዕቃ ይይዛል።

ታዲያ አክስትሽ ሌላ፣ አስጎብኚያችን ሌላ ናት። እንዳትሳሳቺ። ያቺ ከፊት፣ ድምፅ ማጉያዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ውሃ ውሃውን የምታየው አስጎብኚዋ ናት። የአክስትሽን ሻርፕ አስራለች፣ የአክስትሽን መነጽር አድርጋለች፤ ቢሆንም እሷ አይደለችም። በምን አወቅሽ በይኛ? ቆይ፣ እነግርሻለሁ።

ጠዋት ፏፏቴው ጋ ስንደርስ አንቺ ትከሻዬ ላይ ተኝተሻል። ሰው ሁሉ ብርቱካናማ ጃኬቱን እንዳጠለቀ ወርዶ ተሰለፈ። አስጎብኚዋ ድንጋዩ ላይ ወጣች። አወጣጧ ራሱ ደስ ይላል፤ ቀሚሷን ሰብሰብ፣ አንገቷን ሰበር... ከዚያ ምን አለች መሰለሽ? “ሟቹ አባቴ የዚህ ወንዝ ቀዛፊ ነበር። በስድስት ዓመቴ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ከዚህ ውሃ ጀርባ አሳለፈኝ። የውሃው ጩኸት ቃል ስለማያሰማ በጣቱ ጉልበቴን ይመታልኝ ነበር። አንድ ጊዜ ሲመታ አጥብቀሽ ያዢኝ፣ ሁለት ጊዜ ሲመታ ጎንበስ በይ ማለት ነው” አለች። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። ኮፍያ ያደረጉት እመቤት እቅፍ አደረጓት። “ነፍስ ይማር” አላት ተሳፋሪው ሁሉ። እሷም አንገቷን ደፍታ “አሜን” አለች።

እኔም አለቀስኩ። ምን ላድርግ... ጉልበቴን አመመኝ።

አየሽ እንግዲህ፣ አክስትሽ ልትሆን አትችልም። የአክስትሽ አባት ማን ናቸው? አያትሽ አይደሉም? አያትሽ ልብስ ሰፊ ናቸው። ዛሬ ማለዳ ከቤት ስንወጣ በሕይወት ነበሩ፤ እንዲያውም መርፌውን በከንፈራቸው ይዘው ይቺን ያደረግሻትን ቀሚስ ጫፏን ሲጠቅሙ ነበር። ውሃ ደግሞ እንዴት እንደሚፈሩ! መንገድ ላይ ዝናብ ያቆረውን ለመሻገር እንኳ “እጄን ያዙኝ” የሚሉ ሰው ናቸው። እሳቸው ናቸው ፏፏቴ ጀርባ ልጅ ተሸክመው የሚያልፉት? እንዴት ተደርጎ!

በእናትሽ በኩል ያሉት አያትሽ ናቸው ቀዛፊ የነበሩት። ሳታዪያቸው ነው የሞቱት። እሳቸውም ከፏፏቴው ጀርባ ልጅ ያሳልፉ ነበር፤ እሳቸውም ጉልበት ይመቱ ነበር... አንዴ ያዢኝ፣ ሁለቴ ጎንበስ በይ። መቼም ወንዙ ረጅም ነው፤ ስንት ቀዛፊ፣ ስንት ጉልበት አለበት። ሊገጥም ይችላል።

ምን ትስቂያለሽ? የናትሽን ፀጉር ልቀቂ... እንዲህ ነው።

የደብተሩንም ነገር ላጫውትሽ። እናትሽ ትምህርቷን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ስታቋርጥ አንድ የጂኦግራፊ ደብተር ተርፏት ነበር። ቀዛፊው አያትሽ ታመው ተኝተው ስለነበር እሳቸውን ለማስታመም እየቀረች፣ “ያለፈኝን በኋላ ከጓደኛዬ እገለብጣለሁ” እያለች ገጽ ትዘላለች። በኋላ የሚባለው ሳይመጣ ቀረ። እነዚያ የተዘለሉ ገጾች ላይ አያትሽ ተኝተው የሚነግሯትን ጻፈች። የቱ ጋ ውሃው ጥልቅ እንደሆነ፣ የትኛው ወፍ የትኛው ዛፍ ላይ እንደሚያድር፣ ፏፏቴው ጀርባ እንዴት እንደሚታለፍ... ቃል በቃል፣ እሳቸው እንደተናገሩት።

አክስትሽ ያንን ደብተር አንድ ቀን አየችው። “ስጪኝ፣ ለጀልባው ባለቤት ላሳይልሽ፤ አስጎብኚ እየፈለጉ ነው፣ ለአንቺ የሚሆን ሥራ ነው” አለች። እኔ መቼ አሰብኩት? እሷ ናት ያሰበችልኝ! ከሰጠኋት ሦስት ወር አለፈው። ሰውየው ሳይመቻቸው ቀርቶ ይሆናል እላለሁ። ባለጀልባ ሰው መች ደብተር የሚያይበት ጊዜ አለው? በዚያው ሰሞን ደግሞ አስጎብኚዋ ተቀጠረች። ያው፣ ነገር ሲገጥም እንዲህ ነው።

ኧረ ጋሼ፣ እርስዎን አይደለም... ለልጄ ነው።

አሁን ከፏፏቴው ቀጥሎ ወደወረድንበት ገበያ ልውሰድሽ። ገበያው አንቺን ብቻ ነው ያላየው። ቅርጫት ነሽ፣ ገንዳ ነሽ፣ ምንጣፍ ነሽ፣ የሸክላ ዕቃ ነሽ፣ ከወንዙ ዳር እስከ መንገዱ ተዘርግቷል። ተሳፋሪው ከበባት፤ “ስለዚህ ገበያ ንገሪን” አላት። አስጎብኚዋም ጉሮሮዋን ጠረግ አድርጋ፣ “የኖራ ድንጋይ የሚፈጠረው የባሕር ውስጥ እንስሳት ቅሪት ለብዙ ዘመን ሲከማች ነው” ብላ ጀመረች። ሸክላ ሻጯ ማሰሮዋን እንደያዘች አፏን ከፍታ ቀረች! ኮፍያ ያደረጉት እመቤት “የቱ ጋ ነው ድንጋዩ?” ብለው ዞር ዞር ቢሉ ከፊታቸው ሽንኩርት ነው ያለው። እሷ ግን አላቋረጠችም። የኖራ ድንጋይ ሦስት ጥቅሞች... አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እንዲህ ነው ማጥናት! ገጹ እንደተገለጠ አንድ ቃል ሳታስቀር። እኔ እንደሷ ባጠና ኖሮ የት በደረስኩ?

አያትሽ መቼም ገበያ አይወዱም ነበር። ስለ ገበያ አንድ ቃል አልነገሩኝም። ከሳቸው ወሬ ቀጥሎ ያለው ገጽ... ተይው፣ አንቺ ስታድጊ ትማሪዋለሽ።

እንግዲህ ወደ ቤት ስንመለስ ነው፤ ነጂው በሰፊው በኩል፣ ጠዋት በመጣንበት ሊሄድ ሲል አስጎብኚያችን ተነሣች። “አይ፣ ተሳፋሪዎቼን ማንም በማያውቀው ጠባቡ መንገድ ነው የማሳልፋቸው፤ ጥቁሩ ድንጋይ ጋ ስትደርስ በግራ ያዝ” አለችው። ነጂው ትሑት ሰው ነው፤ “እትዬ፣ በዚያ በኩል አሸዋ እንዳይኖር” አለ። “አባቴ ያሳደገኝ ወንዝ ነው!” አለችው። አባት ከተነሣ በኋላ ማን ይከራከራል?

እኔ ቀስ ብዬ “በቀኝ ይመስለኛል” አልኩ። እሷም ዞር ሳትል፣ “አንቺ ልጅሽን ያዢ” አለችኝ።

እውነቷን ነው። ልጄን ያዝኩ። ይኸው ይዤሻለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ተንፍሼ እንደሆነ መስክሪ።

ጀልባዋ ግን... ግርርር ብላ መጣችና ቁጭ አለች። ማንም አላዘዛትም።

ላንቺ ብቻ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ጆሮሽን አምጪ። ደብተሩ አልዋሸም፤ እዚያ ላይ “ጥቁሩ ድንጋይ ጋ ስደርስ በግራዬ እይዛለሁ” ይላል። ግን ተናጋሪው ማን ነው? ቀዛፊ ነው። ቀዛፊ እንዴት ነው የሚቀመጠው? ሞተር ያለው ጀልባ ላይ ነጂው ፊቱን ወደሚሄድበት ያደርጋል። በእጁ የሚቀዝፍ ሰው ግን ለሚሄድበት ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው፤ ወደ ራሱ ስቦ ነዋ የሚቀዝፈው! ስለዚህ የሱ ግራ ለጀልባዋ ቀኟ ነው። ቀዛፊ ያሳደገው ሰው ይህንን አይጠይቅም። ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ፊቱን እያየ ያደገ ልጅ፣ አባቱ “በግራዬ” ካለ እጁን ወደዚያ... ወደዚያኛው ማዶ እንደሚዘረጋ ያውቃል። ልብስ ሰፊ ያሳደገው ግን ከየት ያውቀዋል? አይፈረድም። ልብስ ሰፊ ግራውም ግራ፣ ቀኙም ቀኝ ነው።

ወንድሜ ነጂው፣ ምን አልከኝ? ኧረ እኔ ምኑን አውቄ! ለልጅቷ ተረት እያወራሁላት እኮ ነው። ተረቱ ላይ ያሉት ቀዛፊማ እዚህ ቦታ አሸዋ ሲይዛቸው፣ የተሳፈረውን ሁሉ ወደ ኋላ ሰብስበው፣ የጀልባዋ ፊት ሲቀል በመቅዘፊያው እንጨት ከድንጋዩ ወዲያ፣ ወደዚያ አረንጓዴ ወደሆነው ውሃ ይገፏት ነበር። ተረት ነው እንግዲህ። ከፈለግህ ሞክረው።

ያዢኝ የኔ ማር፣ ሰዎቹ ወደኛ እየመጡ ነው... ቦታ እንስጣቸው። እንኳን ደህና መጡ እመቤቴ፣ እዚህ ይቀመጡ። አንድ፣ ሁለት... ገፋት! ተንቀሳቀሰች! ኧረ ተንሳፈፈች! አጨብጭቢ፣ አጨብጭቢ! ለማን? ለአስጎብኚያችን ነዋ! እሷ ባታስቀምጠን ማን ያነሣን ነበር?

ምን አሉ ጋሼ? እኔን ነው? ደብተሩን... እኔ ጋ የለም። እሷን ይጠይቋት፤ ቦርሳዋ ውስጥ ይሆናል፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው። አዎ፣ ያ ነው። ኧረ ቀስ ብለሽ አውጪው፣ የሚቸኩል የለም። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ተፍቋል? ውይ! ውሃ ነክቶት ይሆናል፤ ጀልባ ላይ የዋለ ነገር... ውስጡን ግን ይግለጡት። የኖራ ድንጋዩ ላይ ሲደርሱ ከታች በቀይ የተጻፈ ነገር አለ። ያንብቡት እስቲ፣ እኔ ልጅ ይዣለሁ።

“ጎበዝ ነሽ። ትምህርትሽን እንዳታቋርጪ።” አዎ፣ መምህሩ ናቸው የጻፉት። ለማን እንደሆነ እንጃ። አስጎብኚያችን ትምህርቷን ጨርሳ ዲፕሎማዋን ሳሎን ግድግዳ ላይ የሰቀለች ሰው ናት፤ እሷን ማን እንዳታቋርጪ ይላታል? እንዲህ የሚባለው ሊያቋርጥ የደረሰ ሰው ነው።

ሰኞ ጠዋት? ቢሮዎ? ለአዲሷ ጀልባ? ...ልጄን ይዤ መምጣት እችላለሁ? ግድ የለም ካሉማ እመጣለሁ። ልጅ በመያዝ እንኳ አልታማም፤ ዛሬም የታዘዝኩት እሱኑ ነው። እርስዎ ደብተሩን ያቆዩልኝ። አይ፣ እሷ ትያዘው አይበሉ... ብዙ ተሸክማለች፣ ትረፍ።

እዪ እዪ የኔ ማር፣ ደረስን! ወደቡ ላይ የቆሙት ማን ናቸው? ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ፣ ከውሃው አሥር እርምጃ ርቀው! አያትሽ ናቸው፤ ልጃቸውን ሊቀበሉ መጥተዋል። እጃቸውን አውለበለቡ፣ አንቺም አውለብልቢላቸው። ስሟን እየጠሩ ነው መሰለኝ... “ልጄ! ልጄ!” ይላሉ። ተሳፋሪው ሁሉ ወደሳቸው ዞሯል። ኮፍያ ያደረጉት እመቤት “እኚህ ማን ናቸው?” እያሉ ነው። ምን እንበላቸው? እኔ እንጃ፤ አስጎብኚ እያለች እኔ ምን አገባኝ።

በይ፣ ሳንወርድ እንመርቃት፤ ቀኑን ሙሉ ደክማልናለች። እጅሽን ዘርጊ፣ እንዲህ...

ለሟቹ አባቷ ነፍስ ይማርልን። በሕይወት ላሉት አባቷ ረጅም ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ድምፅዋን አያጥፋባት፣ ጉልበቷን አያሳምማት። የወለደቻቸውን ልጆች ያሳድግላት፤ አድገውም ለወግ ለማዕረግ በቅተው፣ እሷ ዛሬ በሰው ፊት አባቷን እንዳስታወሰች፣ እነሱም እሷን ልክ እንዲሁ ያስታውሷት።

አሜን በይ የኔ ማር።