በአሥራ አንደኛው መስመር ላይ የታየችው ስድስት ቁጥር

ከደባርቅም ከዳባትም፣ ከአምቢኮም ተራራውን አቋርጣችሁ ለዚህ ቀብር የደረሳችሁ ወገኖች፣ እርምጃችሁን እግዚአብሔር ይቁጠርላችሁ። አፈሩ ከመመለሱ በፊት ስለ ወንድማችን ስለ አቶ ቴዎፍሎስ ሀብተ ሚካኤል ጥቂት እንድናነብ ፍቀዱልን፤ የዚህን ጽሑፍ እኩሌታ ያስጻፉት ራሳቸው ናቸውና ሳንጨምር ሳንቀንስ እናነበዋለን።

አቶ ቴዎፍሎስ ከአባታቸው ከመሪጌታ ሀብተ ሚካኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓለምዬ በ1950 ዓ.ም. ዳባት አጠገብ ተወለዱ። ዳዊትን ከአባታቸው እግር ሥር ደግመው ጾመ ድጓ ጀምረው ሳለ ልባቸው ወደ ሬዲዮ ስላዘነበለ፣ አባታቸው እያዘኑም ቢሆን መርቀው ሸኝተዋቸው ጎንደር ከአንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሙያውን ተማሩ፤ የቀለም ትምህርታቸውንም እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አጠናቀቁ። በ1976 ዓ.ም. ወይዘሮ ሠርካለምን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ።

በ1984 ዓ.ም. ከየቆላው ለተሰበሰቡ ተፈናቃዮች ዳባት ላይ መጠለያ ጣቢያ የከፈተ አንድ የተራድኦ ድርጅት በመዝጋቢነት ሲቀጥራቸው፣ በዚያ ዘመን ብዙ ሰው አይቶት የማያውቀውን ኮምፒዩተርም አስረከባቸው። ከወላጆቻቸው የተለያዩ ሕፃናት ስም ይገባበት፣ ከስሙም ጎን አንዲት ቁጥር ትጻፍ ነበር፤ አራት ማለት ሕፃኑ ወደ ሌላ ከተማ ማሳደጊያ ተልኳል፣ ስድስት ማለት አርፏል ማለት ነበር። ወላጅ ሲመጣ ስክሪኑን አይተው የሚነግሩት አቶ ቴዎፍሎስ ነበሩ።

በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ወይዘሮ አረጋሽ የሚባሉ የአምቢኮ ሴት መጡ። ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርደው ወባ ጥሏቸው በተኙበት፣ ይዘውት የወረዱት የሰባት ዓመት ልጃቸው ፍቅረ ሥላሴ ከተፈናቃዮች ጋር ተጭኖ ዳባት መግባቱን ሰምተው ነበር። አቶ ቴዎፍሎስ ስሙን ሲፈልጉ በአሥራ አንደኛው መስመር ላይ አገኙት፤ ከጎኑ ስድስት ቁጥር አለች። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሏቸው። ሴትዮዋ ግድግዳውን ተደግፈው «የት ቀበራችሁት?» ብለው ብቻ ጠየቁ። የመቃብሩ ቦታ ግን በመዝገቡ አልነበረም። ያቺ ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአቶ ቴዎፍሎስ ጆሮ አልወጣችም፤ ቅዳሴ ቆመውም ሆነ ማዕድ ቀርበው ይሰሟት እንደነበር ወይዘሮ ሠርካለም ያውቁ ነበር።

ድርጅቱ በ1991 ዓ.ም. ሥራውን ሲዘጋ ያረጀውን ኮምፒዩተር ትቶላቸው ሄደ፤ እርሳቸውም ደባርቅ ላይ በከፈቱት የጥገና ቤት አኖሩት። በተከታዩ ዓመት በሐምሌ፣ እርጥበት ገብቶበት ስክሪኑ መወላገድ ስለ ጀመረ ቦርዱን አውጥተው ጠራረጉት፤ የላላውን ብየዳ መልሰው ካጠበቁ በኋላ ለመፈተሽ ያህል ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር በአራት ቁጥር ሞሉት። ያ ሁሉ አራት ተሰልፎ ሳለ በአሥራ አንደኛው መስመር ላይ አንዲት ስድስት ተቀምጣለች። አጠፉት፤ መልሰው አበሩት፤ ስድስቷ እዚያው ናት። በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ፊደል ከሚይዙት ስምንት ትናንሽ ቺፖች ሁለቱን ነቅለው ቦታ ሲያለዋውጧቸው ስድስቷ አምስት ሆነች፤ ስሕተቱ ከቺፑ ጋር አብሮ ስለ ተዛወረ፣ ከቺፖቹ በአንደኛው ውስጥ አንዲት ቅንጣት ደንዝዛ፣ በዚያች ስፍራ ላይ የወደቀውን ቁጥር ስታጣምም መኖሯን ያን ጊዜ ተረዱ። የሕፃናቱን ዝርዝር ከዲስኩ አውጥተው በወረቀት ሲያትሙት ከፍቅረ ሥላሴ ስም ጎን አራት ይላል። ወይዘሮ ሠርካለም ምሳ ይዘው ሲገቡ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ እንዳደረጉ አገኟቸው። «ሠርኬ፣ ልጁ አልሞተም» አሏቸው። በዚያች ስፍራ የወደቀው ስም ሁሉ አንድ በአንድ ተመረመረ፤ በስሕተት መርዶ የተነገረበት እርሱ ብቻ ነበር።

ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልለው ጨነቅ በተባለው ስፍራ በኩል በበቅሎ ሲሄዱ ወንዝ ሞልቶ ሁለት ቀን አቆያቸው። አምቢኮ ደርሰው ከወይዘሮ አረጋሽ ደጅ ቆመው ተጣሩ። እኒያ ሴት የልጃቸውን ልብስ ገንዘው ቀብረው፣ ተዝካሩን አውጥተው፣ ጥቁር እንደለበሱ ነበሩ። ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳምጠው «ታዲያ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንን ነው ያለቀስኩት?» አሉ፤ ነጠላቸውንም አንሥተው ተከተሏቸው።

ልጁ የተላከው ደሴ ወደ ነበረ አንድ ማሳደጊያ ነበር። ዘበኛው ስሙን ሲሰማ ወዲያው አስታወሰው። «ትመጣለች እያለ እሑድ እሑድ በሩ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ኋላ ግን መጠየቁን ተወ» አላቸው። ከአንድ ዓመት በፊት በጭነት መኪና ወደ ቆላ ወርዶ ወሬው ጠፍቷል። በሁመራም በመተማም አፈላልገው አጡት።

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ አረጋሽ አዝመራ በገባ ቁጥር ደባርቅ ወርደው ከጥገና ቤቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይውሉና፣ ወሬ እንደሌለ ሲያረጋግጡ ተነሥተው ይሄዱ ነበር። «ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር» ይሉ ነበር አቶ ቴዎፍሎስ። ሴትዮዋ በ2005 ዓ.ም. ልጃቸውን ሳያዩ አረፉ። የአቶ ቴዎፍሎስ የንስሐ አባት ቄስ ቃለ አብ «በእጅዎ የሠሩት አይደለም» እያሉ ቢያጽናኗቸውም «በአፌ ግን ተናግሬዋለሁ» የሚል ነበር መልሳቸው። ቺፑን ለውጠው ኮምፒዩተሩን ቢያድኑትም፣ ሱቁን በከፈቱ ቁጥር ከሥራ ሁሉ በፊት ስክሪኑን በአራት ቁጥር ሞልተው በጣታቸው እየተከተሉ ይቆጥሩ ነበር።

የስኳር ሕመም ዓይናቸውን ከወሰደው በኋላም ቆጠራው አልቀረም፤ ለታላቋ ልጃቸው ለየትናየት ሰጡት። «ሁሉም አራት ነው አባዬ» ስትላቸው «አሥራ አንደኛውን ደግመሽ እዪ» ይሉ ነበር። ሕመሙ እየጸና ሄዶ በትናንትናው ዕለት፣ በኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሠርካለምን፣ ልጆቻቸውን የትናየትንና ኪዳነምሕረትን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ ታናሽ ወንድማቸውን አቶ እንግዳውን ትተው ሄደዋል።

ለነፍሳቸው ከመጸለያችን በፊት ይህ እንዲነበብ ተናዝዘዋል፦ ፍቅረ ሥላሴ ደርቤ፣ የአምቢኮዋ የወይዘሮ አረጋሽ ልጅ፣ ደሴ ያደገ፣ በሕይወት ካለ ዛሬ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ያለበትን የምታውቁ ብትኖሩ፣ እናቱ እንዳልተወችው ንገሩልን። ያልመጣችው ሞቷል ስለተባለች ነው፤ ያንንም የነገራት ቴዎፍሎስ ነው።

የእያንዳንዱን ስም የሚያውቅ አምላክ የአቶ ቴዎፍሎስን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ ዕቅፍ ያሳርፍልን፤ ያንን ልጅ ባለበት ይጠብቅልን። አሜን።