ጉግሱን ማን ይየው?

ንፋስ መውጫ ገበያ ጫፍ፣ ከብት በሚሸጥበት ሜዳ ላይ፣ አቶ ይግዛው ዳማ ፈረሳቸውን ደመላሽን ይዘው ቆመዋል። በጎልማሳነታቸው ከጋይንት ፈረሰኞች መካከል እሳቸውን በዘንግ መትቻለሁ ብሎ የሚፎክር ጥቂት ነበር። አምና ግን ለጉግስ የወጣው ፈረስ ከእጅ ጣት አልበለጠም፤ ተመልካች የተባለውም ዳር ቆሞ ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ ተበተነ። «ማንም ለማያየው ጨዋታ ፈረስ መቀለብ ምን ይረባል?» ብለው ነው ደመላሽን ለገበያ ያወጡት። አንድ ባለጋሪ የፈረሱን ጥርስ አይቶ፣ ወገቡን ዳብሶ፣ ልጓሙን ጨብጧል።

በዚህ መካከል እድላዊት ብቅ አለች። የጎረቤታቸው የወይዘሮ ቦጋለች ልጅ ናት፤ ጎንደር ላይ ማርኬቲንግ ተምራ ከተመለሰች ወዲህ በስፖርት ጽሕፈት ቤት ትሠራለች።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ይህ ደመላሽ አይደለም እንዴ?»

«ነው ልጄ። ከዛሬ ጀምሮ ግን ጋሪ ሊጎትት ነው።»

ልጅቱ ደነገጠች። «እባክዎ ሳይቸኩሉ ያድምጡኝ። በጥር መጨረሻ የጋይንትን፣ የስማዳንና የእስቴን ፈረሰኞች ልናጋጥም ነው። እርስዎ ከሌሉ የጋይንት ወገን ጎደሎ ነው።»

«ማን ሊያየን?»

«የሚያይ ሰው ማምጣት ነው እኔ የተማርኩት።»

አቶ ይግዛው ሳቁ። «ይህም ትምህርት ሆነ? በእኛ ጊዜ ፈረስ ሲያሽካካ የሰማ ሁሉ እየሮጠ ይመጣ ነበር።»

«በእርስዎ ጊዜ በዚያ ቀን ሌላ የሚታይ አልነበረማ! ዛሬ ወጣቱ የአውሮፓ ኳስ በስልኩ ያያል። የተጫዋቹን ስም፣ ማን ከማን እንደተቀያየመ ሳይቀር ያውቃል። የእኛን ፈረሰኞች ግን ማን አስተዋወቀው? ሰው ለማያውቀው አይጮህም። የሥራው መጀመሪያ ተመልካቹ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚወድ መለየት ነው፤ ከዚያ ፈረሰኛውን ከእሱ ጋር ማስተዋወቅ።»

«ታዲያ እንደ ሽንኩርት ‹ኑ ግዙኝ› ልበል? አባቶቻችን ለክብር የጋለቡትን ገበያ ማውጣት ነውር አይደለም?»

«ክብሩን ብንሸጥ ነውር ነው፤ እሱንስ አንሸጥም። እኛ የምናቀርበው ሰው ከቤቱ ወጥቶ የሚያሳልፈውን ቀን ነው። የሚቀመጥበት ጥላ፣ የሚጠጣው ውኃ፣ ልጁን ይዞ ሳይፈራ የሚቆምበት አጥር ይፈልጋል። ቀኑ ያማረለት ሰው ተመልሶ ይመጣል፤ ጎረቤቱንም ያስከትላል። የታቦቱንም ቀን አንነካም፤ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ቅዳሴ ሲወጣ ነው።»

የሽማግሌው ስጋት ከንቱ አልነበረም። ስንቱ መልካም ልማድ እናሳድገው ባሉት ሰዎች እጅ ተበላሽቷል! ስለዚህ አቶ ይግዛው ዋናውን ጥያቄ ለመጨረሻ አቆይተውት ነበር።

«ነጋዴዎቹስ? ስማቸውን በፈረሴ ግላስ ላይ ሊለጥፉ?»

«ስፖንሰር ማለት ወጪ የሚጋራ፣ በምላሹም ስሙ እንዲታይለት የሚፈልግ ነው። ወጪውን የሚጋራን የዱቄት ፋብሪካ ስም አጥሩ ላይ ይሰቀላል፤ ፈረስ ላይ አይወጣም። አንድ አረቄ ነጋዴ ከሁሉ የበለጠ እሰጣለሁ ብሎን ነበር፤ ልጆች የሚመጡበት ነውና አልተቀበልነውም። ሌላው ደግሞ ጋይንት እንዲያሸንፍ አስቀድማችሁ አመቻቹልኝ አለ።»

አቶ ይግዛው ቱግ አሉ። «ምን አልሽው?»

«አሸናፊው ከታወቀ ሰው ምን ሊያይ ይመጣል? አልኩና ሸኘሁት።»

ሽማግሌው ልጅቱን ትኩር ብለው አዩዋት። የሚያውቁት የፈረሰኛ ኩራት በዚህች ልጅ ፊት ላይ ነበር። ልጓሙን ከባለጋሪው እጅ ቀስ አድርገው ወሰዱና «ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ ይህ ፈረስ ቀጠሮ አለው» አሉት።

በሳምንቱ እድላዊት ቤታቸው መጥታ፣ ከሚወረወር ዘንግ እንዴት እንደሚመለጥ ሲያስረዱ በስልኳ ቀረጸቻቸው። መጀመሪያ አንደበታቸው ተሳሰረ፤ በኋላ ግን ሞቅ ብሏቸው ጋሻ አንስተው ተነሡ። ቪዲዮው ከስልክ ወደ ስልክ እያለ እስከ ስማዳ ወገዳና እስከ እስቴ መካነ ኢየሱስ ደረሰ። ዘመኑ የሚባል የስማዳ ፈረሰኛም «ጋሼ ይግዛውን አከብራለሁ፤ ሜዳ ላይ ግን አልምርም» ብሎ መልሱን ላከ። ከዚያ ወዲያ የሦስቱም ወረዳ ወጣት ወገን ለይቶ ይከራከር ጀመር።

ቀኑ ደረሰ። ከእስቴ በአውቶቡስ፣ ከስማዳ አቧራ ለብሶ በጭነት መኪና፣ ሰው ጎረፈ። ድምፅ ማጉያው የእያንዳንዱን ፈረሰኛ ስም፣ አገርና የፈረሱን ስም ጠራ። የአቶ ይግዛው ተራ ሲደርስ አጥሩን የሞላው ሕዝብ «ደመላሽ! ደመላሽ!» አለ። በሕይወታቸው አይተዋቸው የማያውቁ ሰዎች የፈረሳቸውን ስም ሲጠሩ እሳቸው ጋሻቸውን ከፍ አድርገው እጅ ነሡ።

ከስማዳ ጋር ተጋጠሙ። ሁለት ዘንግ በጋሻቸው መከቱ፤ ሜዳው ተናወጠ። የዘመኑ ዘንግ ግን በጋሻው ጠርዝ ሾልኮ ትከሻቸውን አገኘው። ስማዳ አሸነፈ። ዘመኑ ወዲያው ከፈረሱ ወርዶ ጉልበታቸውን ሳመ፤ የጋይንት ሕዝብ ሳይቀር አጨበጨበለት።

እድላዊት እየሮጠች መጣች። «አዘኑብኝ ጋሼ?»

«ምን ያሳዝነኛል! ትከሻዬን ትንሽ ቆጥቁጦኛል፤ ይኸው ነው። ልጆቹን ስሚያቸው፣ ‹መልሱ መቼ ነው?› ይላሉ። ብናሸንፍ ኖሮ ጠግበው ቤታቸው ይገቡ ነበር። ዛሬ ግን ተከራክረው አይጠግቡም። ያልሽኝ አሁን ገባኝ፤ የሚያየን የለም ብለን ስናኮርፍ ራሳችን ሰው መጥራቱን ትተነው ኖሯል።»

እውነትም ጥቅሙ ሳይውል ሳያድር ታየ። ኮርቻ መሥራት ትቶ የነበረው ተሻገር መሣሪያውን ከጓዳ አወጣ። በአጥሩ ዳር ቆሎና ዳቦ የሸጡ እናቶች ለመልሱ ቦታ ያዙልን አሉ። ስፖንሰሩ ከሰጠው ገንዘብ ተርፎ ለቆሰሉ ፈረሶች መድኃኒት ተገዛ። ከሁሉ በላይ ግን፣ ፈረስ ማለት የድሮ ሰው ነገር ነው ይሉ የነበሩ ወጣቶች ከየቀበሌው ውርንጭላቸውን እየሳቡ መጡ። ተመልካቹን አክብሮ የጠራ፣ ጨዋታውንም ያላረከሰ አገር የራሱን ልጆች መልሶ ያገኛል።

አሁን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዚያ ሜዳ የሚያልፍ ሰው የአቶ ይግዛውን ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። መሬት ላይ ቆመው፣ በዙሪያቸው ለሚጋልቡት ወጣቶች «ጋሻውን ከፍ! ከፍ አድርገው እንጂ! በመልሱ ቀን የመካነ ኢየሱስ ሰው ሁሉ ሊያይህ ነው!» ይላሉ።