የመሪጌታ ሌላኛው ዓይን

ጎረቤትን በሥዕል ከማስቀየም ይሰውራችሁ! የሰው ፊት መሣል እየተማርሁ ነው። አስተማሪዬ «የግንባሩን መስመርና የጺሙን ጸጉር ተወው፤ ብርሃን የመታውን በአንድ ቀለም፣ ጥላውን በሌላ ቀለም ሙላው፤ ሰውዬው ራሱ ይመጣል» አለኝ። እኔም ወደ ጋፋት በሚያወጣው መንገድ ዳር ያሉትን ጎረቤታችንን መሪጌታ ጥበቡን ለምኜ ደጃቸው ላይ አስቀመጥኋቸውና ፀሐይ ያረፈበትን ጉንጫቸውን በብርቱካናማ፣ የቀረውን ግማሽ ፊታቸውን በጥቁር ሰማያዊ ሞላሁት። ኮስታራነታቸው ቁልጭ ብሎ ወጣልኝ። በኩራት አዙሬ አሳየኋቸው።

ሥዕሉን ወደ ፊታቸው አስጠግተው አዩና «ሌላው ዓይኔስ?» አሉኝ።

«ጥላው ውስጥ ነው፣ የኔታ።»

«ለመሆኑ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን ነው?»

ይህንንማ ያገሩ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፤ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፣ አንድ ዓይን የሚሰጠው ለሰይጣንና ለጭፍሮቹ ነው።

«ታዲያ ልጄ፣ ዕድሜ ልኬን ማኅሌት ስቆም ኖሬ ከእነማን ጋር ደመርኸኝ?»

አስተማሪዬንም ትምህርቴንም ረስቼ ብሩሼን አነሣሁና ጥላው መሐል ትልቅ ነጭ ዓይን ጨመርሁላቸው። ፊታቸው ፈካ። «ነይ እስቲ፣ ጻድቁን ባልሽን እዪ!» ብለው ባለቤታቸውን ተጣሩ።

እትዬ የሺ ለካ ከበሩ ጀርባ ሆነው ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲያዩ ኖሯል። ሥዕሉን አንድ ጊዜ፣ ባላቸውን አንድ ጊዜ አዩና «ኧረ ምነው መሪጌታ» አሉ፣ «ባለ አንድ ዓይን እያለ ነበር እኮ ቁርጥ አንቱን የሚመስለው!»

ሳቄ አመለጠኝ። መሪጌታ በሁለቱም ዓይናቸው አፈጠጡብኝ።