ለሰው ጠብ ያልተተኮሰ ጥይት

በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፣ የወይራ ምንጭ ጭቃ ሹም ግራዝማች ገብረ ሊባኖስ በበቅሎ ወደ ላይ አምባ ሲወጡ፣ ከሾላ ጥላ ሥር አንድ ጎልማሳ አርፎ አገኙ። ለክትባት ከሰቆጣ ወደ ቆላው ዝቋላ የሚወርደው የጤና ረዳት፣ ድሬሰር አማረ ነበር። ወርደው ሰላምታ ተሰጣጡና አብረው ተቀመጡ።

«ግራዝማች፣ ፊትዎ ጠቁሯል። ደኅና አይደሉም እንዴ?»

«እኔስ ደኅና ነኝ፤ የከበደኝ ነገር ነው። ላይ አምባና ታች አምባ በግጦሽ ተጣልተው ሰው መሞቱን ሰምተሃል። እኛ ሠላሳ ሁለት ቤት ብቻ ነን፤ ያለነውም ከመካከላቸው ነው። አሁን የላይ አምባው አቶ ዋሴ አሥራ አምስት ጠመንጃ ከነሰዉ ስጠኝ ብሎኛል። ልጄ ይታየሽ የእሱ ምራት ናት፤ እንዴት እምቢ እላለሁ? እሺ ልለው እየሄድኩ ነው።»

«ታች አምባ ዘመድ የለዎትም?»

«የእናቴ አገር ነው።»

«እንዲህ ከሆነስ አይወግኑ» አለ አማረ። «ስዊስ የምትባል ተራራማ አገር አለች፤ ትንሽ ናት፣ ጎረቤቶቿ ግን ኃያላን ናቸው። ዓለም ሁለት ጊዜ ሲተላለቅ ለማንም ወግና አልዘመተችም።»

«ፈሪዎች ናቸዋ!»

«የለም። ጠመንጃቸውን ወልውለው ቤታቸው ያኖራሉ። ‹ወሰናችንን የነካ ያገኘናል፤ ለሰው ጠብ ግን ጥይት አናወጣም› ነው የሚሉት።»

«ተው እንጂ ሐኪም! ጣሊያን የመጣብን ማንን ነክተን ነው? ብቻውን ለቆመ ማን ይደርስለታል?»

«እውነትዎን ነው። አልወግንም ብለው የተረገጡ አገሮችም አሉ። ቃል ብቻውን አያድንም፤ በርን መጠበቅ ይፈልጋል፣ ለሁለቱም ወገን እኩል መጥቀም ይፈልጋል። ለመሆኑ በዚያ ጦርነት ቆስለው ነበር አሉ፤ ማን አዳነዎት?»

ግራዝማች ጉልበታቸውን ዳሰሱ። «ቀይ መስቀል ያለበት ድንኳን ውስጥ፣ የውጭ አገር ሐኪሞች። ከማይዋጋ አገር የመጡ ናቸው አሉን። ስማቸውን ሳላውቅ እስከ ዛሬ እመርቃቸዋለሁ።»

«አገራቸው ወግና ብትዋጋ ኖሮ፣ ያ ሐኪም እርስዎ ዘንድ ይደርስ ነበር?»

ክርክር የሚወድ ሰው ቃል አያጣም፤ የተዋለለትን ውለታ ሲያስብ ግን ልቡ ይመለሳል። ግራዝማችም ተነሥተው በቅሏቸውን ጫኑ።

ላይ አምባ ሲደርሱ ቆመው ተናገሩ። «አማቼ፣ ጠመንጃችን የራሳችንን ወሰን ይጠብቃል። ከእናንተም ከነሱም ታጥቆ በአገራችን የሚያልፍ የለም። ምንጩ ግን ለሁለታችሁም ከብት ክፍት ነው።»

«ዘመድ መስለኸኝ ነበር!» አሉ አቶ ዋሴ ፊታቸውን እያዞሩ። ይታየሽ ከደጃፉ ቆማ ስታለቅስ አባትየው እያዩ ወጡ። ያንኑ ቃል በዚያው ቀን በመንደራቸው ቄስ በአሥራተ ማርያም አፍ ወደ ታች አምባ ላኩ።

ከዚያ ወዲህ የወይራ ምንጭ ወንዶች በየተራ ሸንተረሩን ጠበቁ። አንድ ማለዳ የታች አምባ ታጣቂዎች ሊያልፉ መጡ። ግራዝማች የአጎታቸውን ልጅ ከፊት አዩት። «መሣሪያህን አስቀምጠህ ና፣ ቁርስ እንብላ፤ ይዘኸው ግን አታልፍም» አሉት። ጣታቸው ቃታው ላይ ነበር። ሰውየው ብዙ ቆሞ ሰዎቹን ይዞ ወደ መጣበት ተመለሰ። ወደ ላይ አምባ የሚያሳልፍ ሌላ መንገድ ደግሞ አልነበረም።

ሁለቱን አምባ የሚያዋጋው መንገድ ተዘጋ፤ የሚያገናኘው ውኃ ግን ክፍት ሆኖ ከረመ። ከብት ሊያጠጡ የመጡ መጀመሪያ ተገላመጡ፣ ቆይተው ሰላም ተባባሉ። በሰኔ እርሻው ሲደርስ ሁለቱም ሽማግሌ ፈለጉ። ደም ያልነካው ማን ነው ቢባል፣ ወይራ ምንጭ ብቻ ተገኘ። ገዳይ እንደ ዕርቅ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች አባት እግር ላይ የወደቀው በዚያ ነው።

መስከረም ሲጠባ ግራዝማች አንድ ገንቦ ነጭ ማር አስይዘው አማረ ዘንድ ወደ ሰቆጣ ሄዱ።

«እኔ ምን አደረግሁ? እምቢ ያሉት እርስዎ ነዎት» አለ አማረ።

«ስማኝ ልጄ። በክረምቱ ሠላሳ ሁለቱም ቤት አርሷል፤ ጥቁር የለበሰች እናት የለችንም። ይታየሽ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ባለፈው እሑድ ክርስትና ሲነሣ አቶ ዋሴና የእናቴ ወገኖች ከአንድ መሶብ ሲቆርሱ አየሁ፤ አቶ ዋሴም ‹ያን ቀን እሺ ብትለኝ ኖሮ ከእነዚህ ማን በሕይወት ይተርፍ ነበር?› አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ፤ እነዚያን ሐኪሞችም ባሉበት ይባርክልኝ።»