ባዶ ነው የተባለው የጠዋት አውቶቡስ

እኛ እዚህ አሜሪካ በገባንበት ዘመን፣ ልጆቼ፣ ባጀት የሚባለውን ነገር ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት! አገር ቤት ሳለን በሬዲዮ ይነበባል፣ እናዳምጣለን፣ አለቀ። እዚህ ሰው ተመዝግቦ፣ ተራ ጠብቆ ይናገርበታል ብሎ ማን ያስባል? እኔም አላሰብኩም። እና በዚሁ በባጀት ምክንያት ከወንድሜ ከተፈራ ጋር ሦስት ወር ሳንነጋገር ቀረን። አዎ፣ ሳቁ፣ ግን እንደሱ ነው የሆነው። ሕሊና፣ ስልክሽ እየቀዳ ነው? እሺ።

ተፈራ ታናሼ ነው። እዚህ አገር ያመጣኝ እሱ ነው፤ ዜግነት ሲያገኝ ፎርሙን ሞልቶ፣ ስንት ዓመት ጠብቆ፣ ኤርፖርት መጥቶ አቅፎ የተቀበለኝ እሱ ነው። ታክሲ ይነዳል። ሚስቱ አልማዝ አሌክሳንድሪያ ከተማ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ላይ ወጣ ብሎ፣ የኛ አውቶቡስ የሚነሳበት ቦታ አጠገብ፣ ቤት ገዝተዋል። እኔ ደግሞ ከነሱ ወደ ታች፣ አፓርታማ ተከራይቼ፣ ሆስፒታል ክፍል አጸዳ ነበር። ሺፍቴ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው የሚጀምረው፤ በሰዓቱ የምታደርሰኝ የመጀመሪያዋ አውቶቡስ ብቻ ናት። መኪና አልነዳ፤ መንጃ ፈቃዱን ሦስት ጊዜ ተፈትኜ ሦስቴም ወድቄ ትቼዋለሁ።

ታዲያ ያ የቤት ዋጋ የወደቀበት ጊዜ መጣ። ካውንቲው፣ የአካባቢያችን አስተዳደር ማለት ነው፣ ገንዘብ አጠረው፤ እና የዚያን ዓመት ባጀት ሲያወጣ ሁለት ነገር ይዞ መጣ፤ የቤት ግብር ይጨመር አለ፣ ደግሞ አንዳንድ አገልግሎት ይቀነስ አለ። በዚያ ሰሞን ሌላ ወሬ የለም። ግሮሰሪ ትገቢያለሽ፣ ስለ ግብር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ትቆሚያለሽ፣ ስለ ግብር ነው። ቤት ያለው "ሊጨርሱን ነው!" ይላል። ቤት የሌለው "እኔን ምን አገባኝ?" ይላል። ያኛው ዞር ብሎ "ቆይ፣ አከራይህ ከማን ኪስ አውጥቶ የሚከፍለው መሰለህ?" ይለዋል። እንዲህ ነበር።

አንድ ቀን ተፈራ ኮል አደረገኝ። "እትዬ፣ ማክሰኞ ኦፍ ነሽ አይደል?"

"ነኝ፣ ምነው?"

"ከሰዓት በኋላ ሂሪንግ አለ፣ ሕዝቡ ስለ ባጀቱ የሚናገርበት። እኔ ተመዝግቤያለሁ፣ እናገራለሁ። አንቺ መጥተሽ ወንበር ያዥ፣ ስጨርስ ታጨበጭቢያለሽ።"

"እኔ ምን አውቄ?"

"ማወቅ አያስፈልግም። ብዙ ሰው ሲያዩ ይፈራሉ።"

እሺ አልኩ። ለተፈራ እንዴት ብዬ እምቢ እላለሁ!

ሄድን። አዳራሹ ጢም ብሏል። አስተማሪዎቹ ሁሉም ቀይ ካናቴራ ለብሰዋል፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፣ አንዲት ነጭ አሮጊት ላይብረሪያችንን አትንኩብን የሚል ወረቀት ታቅፋ ተቀምጣለች። የምክር ቤቱ ሰዎች ፊት ለፊት ከፍ ብለው ተደርድረዋል። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ነው። መብራት አለ፤ አረንጓዴ ሲሆን ትናገራለህ፣ ቢጫ ሲሆን ትቸኩላለህ፣ ቀይ ሲሆን በቃህ። ያቺ አሮጊት ታዲያ ቀዩም በርቶ ምን ተዳዋ! ሰብሳቢው "ማም፣ ማም፣ ታንክ ዩ ማም" ይላታል፣ እሷ እቴ፣ ጭራሽ ድምጿን ጨመረች።

የተፈራ ተራ ደረሰ። የሠርጉን ሱፍ ለብሷል። እንግሊዝኛው ደግሞ ጥሩ ነው፣ እኔም መናገሩ ቢያቅተኝ መስማቱን ለምጄ ነበር። "ግብር ከመጨመራችሁ በፊት የሚባክነውን አቁሙ" አለ። "እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ፣ ሳይነጋ ነው የምወጣው። ቤቴ አጠገብ የሚነሳውን የመጀመሪያውን አውቶቡስ በየቀኑ አየዋለሁ። ባዶ ነው! መብራቱን አብርቶ ባዶ ወንበር ጭኖ ይሄዳል። በማን ገንዘብ? በእኔ!"

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም ለማጨብጨብ እጄን አንስቼ ነበር፤ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ባዶ? ባዶ ነው ያለው? እኔስ?

ለአማርኛ ተናጋሪዎች አስተርጓሚ ሆና የመጣች ልጅ ከኋላዬ ነበረች። ዞሬ "የኔ እመቤት፣ ስለየትኛው አውቶቡስ ነው የሚያወራው?" አልኳት። ወረቀት ገለበጠችና አሳየችኝ። የኔው አውቶቡስ! የጠዋቱ ጉዞ ካት ከሚደረጉት፣ ከሚቀሩት ውስጥ ተጽፏል። ተፈራ አልዋሸም፣ ልብ በሉ፤ እሱ የሚያየው ሲነሳ ነው፣ ሲነሳ ባዶ ነው። እኔ የምሳፈረው ግን ስድስተኛው ፌርማታ ላይ ነው፤ እዚያ እስኪደርስ የሆስፒታሉ ኩሽና ሠራተኞች አሉ፣ ፓርኪንግ የሚሠሩ የአገራችን ልጆች አሉ፣ ኩላሊቱን ለማሳጠብ የሚሄድ አንድ ሽማግሌ አለ። ወንበር ካገኘሁ ዕድሌ ነው።

"እኔም መናገር እችላለሁ?" አልኳት ልጅቷን።

"ቦታ ከተረፈ መጨረሻ ላይ ይችላሉ፣ ልጻፍዎት?"

"ጻፊኝ!"

ልጅቷ ተናጋሪዎቹ ተራ ወደሚጠብቁበት ወሰደችኝ። ተፈራ ደስ ብሎት እየሳቀ ሲመለስ ወንበሬ ባዶ ነው። ሽንት ቤት የሄድኩ መስሎታል። በመጨረሻ ሰብሳቢው ወረቀቱን አቅርቦ አርቆ አየና "ሚዝ... ዬ... ዬሻይ?" አለ። እኔ ነኝ፣ የሺ።

"ማይ ኔም ኢዝ የሺ። አይ ክሊን ሆስፒታል" አልኩ። እንግሊዝኛዬ እዚያው አለቀ። ታዲያ በአማርኛ ቀጠልኩ፣ ልጅቷ ትተረጉማለች። "ቅድም የተናገረው ወንድሜ ነው" አልኩ። "ውሸታም አይደለም። አውቶቡሱን ሲነሳ ነው የሚያየው። እኔ መሀል ላይ ነኝ የምሳፈረው፣ ቆሜ ነው የምሄደው። እኔ ካልደረስኩ ክፍሉ አይጸዳም፤ ክፍሉ ካልጸዳ ኮሪደር ላይ የተኛው በሽተኛ አልጋ አያገኝም። ያ በሽተኛ ነገ ከእናንተ አንዱ ሊሆን ይችላል።"

ልጅቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "እማማ፣ ይቺን የመጨረሻዋንም ልበላት?" አለችኝ።

"በያት!"

አለቻት። ከምክር ቤቱ ሰዎች አንዱ ብዕሩን አንስቶ ጻፈ። መብራቱ ገና ቢጫ እንኳ አልሆነም ነበር።

ውጭ ስንወጣ ተፈራ መኪናው ጋ ቆሞ ይጠብቀኛል። ፊቱ ጠቁሯል።

"በሰው ፊት ወንድሜ ነው ትያለሽ?"

"ታዲያ አይደለህም?"

"ወንበር ያዥ ነው እኮ ያልኩሽ!"

"ያዝኩ። ከዚያ ተነሣሁ።"

መኪናውን አስነስቶ ጥሎኝ ሄደ። እኔም በአውቶቡስ ሄድኩ፣ በምን ልሂድ!

ከዚያ ዝም። የፋሲካ ዕለት እንኳ አልደወለም፤ እዚህ አገር ከገባሁ ያለ ተፈራ ድምፅ የዋልኩበት የመጀመሪያው ፋሲካ ነው። እኔም አልደወልኩም፣ ኮራሁ። ባጀቱ ጸደቀ፤ ግብሩ ጨመረ፣ ግን ካሰቡት ቀነስ አድርገው ነው፤ የጠዋቱ አውቶቡስ ተረፈ፣ የእሑዱ ግን ቀረ። እሱም ተናደደ፣ እኔም ተናደድኩ። እሑድም እኮ ሥራ እገባለሁ! እሑድ እሑድ አንዷ ፊሊፒናዊት የሥራ ባልደረባዬ መንገዷን እያዞረች በመኪናዋ ትወስደኝ ጀመር።

አንድ ቀን ታዲያ አልማዝ ከሥራ ስወጣ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ዓይኗ አብጧል። "እትዬ፣ ስለ ባንኩ ነግሮዎት ነበር?" አለችኝ።

"የምን ባንክ?"

ለካ ቤቱ ሊሄድ ነው! የታክሲው ሥራ ሞቷል፣ እሷንም ሆቴሉ ሰዓት ቀንሶባታል፣ ሞርጌጁ፣ የቤቱ ዕዳ ክፍያ፣ ደግሞ ወደ ላይ ወጥቷል፣ ባንኩ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ይልካል። ከሂሪንጉ በፊት ጀምሮ እንደዚያ ነበሩ። "ለእትዬ ብትነግሪ" ብሎ አስምሏታል። እኔ እኮ ለገንዘቡ ሳስቶ መስሎኝ ነበር። ሰውዬው ለካ ውኃ አፉ ላይ ደርሶ ነው እዚያ ቆሞ የጮኸው።

በማግስቱ ከሥራ ወጥቼ በአውቶቡሱ እስከ መጨረሻው ሄድኩ። በሩን እሱ ራሱ ከፈተው፣ ጢሙ አድጓል። አልሳምኩትም።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ልበልሽ? አሜሪካ ያመጣሁሽ ሰው ቤቴን ላጣ ነው ልበልሽ?"

"ለማያውቁህ ሰዎች ስትናገር ለኔ ምላስህ ታሠረ?"

ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? "እትዬ፣ ይኸው ስንት ዓመትሽ ነው፣ ሥራ በምን እንደምትሄጂ አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅም" አለኝ። እና አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። በር ላይ ቆመን፣ ጎረቤቱ ሣር እያጨደ ያየናል።

አፓርታማዬን ለቅቄ ቤዝመንታቸው፣ ምድር ቤቱ ገባሁ። "ከእህቴ ኪራይ አልቀበልም" ብሎ ተግደረደረ፤ "እንግዲያውስ ለአልማዝ እሰጣለሁ" አልኩት፣ ለእሷ ሰጠሁ። አልማዝ በነጻ የሚረዳ አማካሪ አገኘች፣ ከባንኩ ጋር ተደራድረው ክፍያው ተስተካከለላቸው። ቀላል አልነበረም፣ ዓመት ፈጅቷል፤ ግን ቤቱ ተረፈ።

ምን አልሽ፣ ሕሊና? ድገሚው።

— ከዚያ በኋላስ እማማ፣ ሂሪንጉ ሄደው ያውቃሉ?

እንዴ! በየዓመቱ ነዋ! አሁንማ እቤት ነው የምንጀምረው። ባጀቱ ሲወጣ አልማዝ ታነብልናለች፣ እኔና ተፈራ ኩሽና ውስጥ እንያያዛለን። እሱ "ይሄ አይነካኝም!" ሲል እኔ "እኔን ይነካኛል!" ስል፣ ድምፃችን ጣሪያ ይነካል። ታዲያ አምና የተፈራ ልጅ ደንግጣ ከላይ ሮጣ ወረደች፣ "ኦ ማይ ጋድ፣ አር ዩ ጋይዝ ፋይቲንግ?" ብላ። ተፈራ ምን አላት መሰላችሁ? "ኖ ስዊቲ፣ አንቺ ተኚ፣ ታክስ እየተነጋገርን ነው!" (ይሥቃሉ)